የበር ገላጋይ

በመስመሩ ላይ ካሉት ጣቢያዎች ሁሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሰው በመገላገል የሚስተካከለኝ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራ ቢሆንም እውነት ነው። ባቡሩ ራሱ ይፈራኛል። ስሰድበው በሩን ዘግቶ ይሄዳል። ሹፌር የሌለውን ባቡር በስድብ የነዳ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እንተያይ።

ስሜ ትብለጥ ነው። እናቴ ያለምክንያት አላወጣችልኝም።

ገላጋይ ስላችሁ ጠብ የምገላግል እንዳይመስላችሁ። በኛ ጣቢያ፣ በጥድ ማዶ፣ ጠብ የለም፤ ቢኖር ይሻለን ነበር። እኔ የምገላግለው መከባበርን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ባቡሩ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል። ጣቢያችን አጭር ስለሆነች የሚከፈትልን አንድ በር ብቻ ነው። በሩ ፊት ጋሽ ላቀውና እማማ ደብሪቱ ቆመዋል። ጋሽ ላቀው የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ እማማ ደብሪቱ ጎረቤታቸው ናቸው። ጡረታ የሚባለው ነገር ከቀረ ወዲህ ሁለቱም በየቀኑ ሥራ ይሄዳሉ። ጋሽ ላቀው መሃል ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ለማሽን ሲያወሩ ይውላሉ፤ የሽማግሌ አነጋገር እያስለመዱት ነው። እማማ ደብሪቱ ደግሞ ሌላ አዳራሽ ውስጥ ወዲህና ወዲያ ሲራመዱ ይውላሉ። ለምን እንደሚራመዱ አልተነገራቸውም።

«ይግቡ እንጂ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

«እንዴት ተደርጎ? በሞቴ ይግቡ።»

«እርስዎ ቆመው እኔማ አልገባም። አፈር ስሆን።»

ከኋላቸው ያሉት አይቆጡም። እነሱም እርስ በርሳቸው ጀምረዋል። አንዱ ለነፍሰ ጡር ይለቃል፣ ነፍሰ ጡሯ ለቄሱ ትለቃለች፣ ቄሱ ሕፃን ላቀፈው ይለቃሉ። ባቡሩ አፉን ከፍቶ ይቆማል። ጋሽ ላቀው እንደሚያወሩት ከሆነ፣ በድሮ ታክሲ ጊዜ ረዳት የሚባል ልጅ ነበር፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ግቡ፣ ግቡ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ሰውን እንደ ጆንያ ያስገባ ነበር። ሹፌሩም ክላክስ ይነፋ ነበር። ይህኛው ክላክስ የለውም። ሊሳፈር የፈለገ ሰው ሳይሳፈር በር አይዘጋም። ማን ሊሳፈር እንደፈለገ ደግሞ ያውቃል። እንዴት እንደሚያውቅ አልነገረንም፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም።

ሽኝትም አለ። የኛ ሰው እንግድነት ሄዶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ዋናው ወሬ ትዝ የሚለው ልሂድ ብሎ ሲነሳ ነው። ከዚያ በር ላይ ቆሞ ያወራል። ድሮ የሚቆመው የሰው በር ላይ ነበር፤ አሁን የባቡር በር ላይ ሆነ። አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ፣ «ያቺ የአጎትህ ልጅስ እንዴት ሆነች?» ይላል።

ባቡሩ ይታገሣል። መስመሩ ግን አይታገሥም። መስመሩ የምንለው ለባቡሮቹ ሁሉ የሚያስብላቸውን ነው፤ የት እንደተቀመጠ አይታወቅም። ብዙ የሚያስጠብቅ ጣቢያ ሲያገኝ አይቆጣም፣ አይመክርም። ይዘለዋል። ከእያንዳንዱ ጣቢያ በላይ መብራት አለ። አረንጓዴ ከሆነ ሰላም ነው፤ ቢጫ ከሆነ ታስባላችሁ፤ ቀይ ከሆነ ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ባቡሩ አይቆምም። ከኛ ቀጥሎ ያለው ባሕር ዛፍ ጣቢያ ባለፈው ክረምት ተዘለለ። ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ነው የሚያልፈው። ጣቢያው ውስጥ ግን ምሽት ላይ መብራቱ ይበራል፣ ድምፁም «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። ማንም የለም። የባሕር ዛፍ ሰዎች በሐዲዱ ጥግ ጥግ እየተራመዱ እኛ ዘንድ መጥተው ይሳፈራሉ። እርስ በርስ አይነጋገሩም። ሲሳፈሩ ባልና ሚስቱ እንኳ የማይተዋወቁ መስለው ነው የሚገቡት።

የኛ መብራት ቢጫ የሆነ ሰሞን እድሩ ተሰበሰበ። ለድንኳንና ለብረት ድስት የተቋቋመ እድር ስለ ባቡር ሲመክር ዋለ። አንዱ ሰልፍ ይሠራ አለ፤ ሰልፉ ላይም መለቃቀቅ ተጀመረ። በመጨረሻ አንድ ገላጋይ እንቅጠር ተባለ፤ በር ላይ ቆሞ ሰውን ከሰው እየለየ የሚያስገባ።

ጋሽ ላቀው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ይህን ሥራ ጨዋ ልጅ አይሠራውም» አሉ።

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

ትምህርትና እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ ያኔ ገላጋይ አላስፈለገንም። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝ እህቴ ስንቅነሽ ናት። ስንቅነሽ በመስመሩ ሌላኛው ጫፍ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ያለ ባቡር እዚያ መድረስ የለም፤ ከኛ ወዲያ ያለውም ጣቢያ በእግር አይደረስም፤ መንገዱ ለጭነት መኪናዎች ብቻ ከተተወ ቆይቷል። ጣቢያችን ከተዘለለ እሷ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር እዚያው ታድራለች፣ እኔ ደግሞ ወደ አክስቴ እሄዳለሁ። አክስቴ ጸጥታ የምትወድ ሰው ናት። ስለዚህ ገላጋይነቱን የያዝኩት ለጉራ ብቻ አልነበረም።

ሥራውን ላሳያችሁ። በሩ ሲከፈት እኔ ጫፉ ላይ ነኝ። አንድ እግሬን የበሩ ደፍ ላይ አደርጋለሁ፣ በአንድ እጄ ውስጥ ያለውን ብረት እይዛለሁ፣ በሌላው እየጎተትኩ አስገባለሁ። አፌ አያርፍም።

«እማማ፣ ሰማይ ቤት ይቅደሙ፤ አሁን ባቡሩ ውስጥ ይግቡ።»

«ጋሽዬ፣ ሰው ለቀው ለቀው አንድ ቀን ሚስትዎንም ይለቃሉ።»

«አንተ፣ አጎቱን በስልክ ጠይቀው። አጎቱም ስልክ አለው።»

አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይኮሳተራል። ያም ሆነ ይህ ይገባል። ወደ ውስጥ አንገቴን አስግጌ መቀመጫ እጠቁማለሁ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ የቱ መስኮት ጭጋግ እንደሚይዝ አውቃለሁ። ድምፁ የሚጠራቸውን ጣቢያዎች በሙሉ በቃሌ እላቸዋለሁ። ሄጄ ግን አላውቅም። ምን ላደርግ?

ከዚያ አስቸጋሪው ክፍል ይመጣል። ሰው ሁሉ ገብቷል። መሳፈሪያው ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ። በሩ ግን አይዘጋም። ዝም ብሎ ተከፍቶ ይቆያል። ድምፁ «እባክዎ ይግቡ» ይላል። ለማን እንደሚል አይታወቅም። ተሳፋሪዎቹ በጸጥታ ያዩኛል፣ እኔ በሩን አያለሁ። ልቤ ይቸኩላል፤ መብራቱን ቀና ብዬ አያለሁ፣ ቢጫ ነው። ያኔ እጄን ከብረቱ እለቅና ወደ ኋላ ብዬ፣ ወገቤን ይዤ፣ እሰድበዋለሁ።

«አንተ ደንቆሮ ቆርቆሮ፣ ምን ይገትርሃል? ሂድ ከዚህ!»

ይዘጋል። ይሄዳል። አንድም ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም። የባሕር ዛፍ ሰዎች ይህን አይተው በዓይናቸው ያደንቁኝ ጀመር። እኔም ስድቡን እያሻሻልኩ ሄድኩ።

ማታ ቤት ስገባ ግን እግሬ አያርፍም። ሶፋ ላይ ተቀምጬ ይንቀጠቀጣል፣ ቆሜ ይንቀጠቀጣል።

«ይህን እግርሽን እሰሪልኝ» ትላለች ስንቅነሽ። «ሶፋው ላይ ባቡር ያለፈ ይመስላል።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እታለም።»

«ነይ ከኔ ጋር። ማጠቢያው ሰው ይፈልጋል። ካልወደድሽው ሌላ ታያለሽ። እዚያ ማታ ማታ የሚያስተምሩም አሉ።»

«እኔ ከሄድኩ ማን ይገላግላል?»

«አንድ ቀን እንኳ ተሳፍረሽ እዪው።»

«የውጩን አውቀዋለሁ፤ ውስጡም እንደ ውጩ ነው» አልኳት። እሷ ለነገ ምሳዋን ወደ መቋጠር ዞረች።

ቢጫው መብራት ወደ አረንጓዴ አልተመለሰም። ይልቅ እየጠቆረ ብርቱካን መሰለ። ስለዚህ በረታሁ። ሳቁን ቀነስኩ፣ ክርኑን ጨመርኩ። ሰዉም ፈራኝና ሽኝቱን ቤቱ ጨርሶ መምጣት ጀመረ። አንዳንዶቹ ደግሞ ሰው መሸኘቱን ራሱ ተዉት። ጠዋት ጠዋት መሳፈሪያው ላይ የሚሰማው የኔ ድምፅና የጫማ ድምፅ ብቻ ሆነ። እንደ ባሕር ዛፍ ሰዎች መሰልን። ባቡሩ ግን መጠበቁን አልተወም፤ እንዲያውም ጨመረ።

አንድ ጠዋት እማማ ደብሪቱ እህታቸውን ይዘው መጡ። እህትየዋ ከደብረ ታቦር ለጥየቃ መጥተው የሰነበቱ፣ በዕድሜ ከእሳቸውም የሚበልጡ ናቸው። እንደገና ይምጡ አይምጡ ያጠራጥራል፤ ሁለቱም ያን ያውቃሉ። በሩ ተከፈተ። ሁለቱ አሮጊቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ግንባር ለግንባር ቆሙ። ባቡሩ ጠበቀ። መብራቱን አየሁ። ሄድኩና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ፈታሁ። አዎ፣ ፈታሁ። እህትየዋን በብብታቸው ይዤ አስገባኋቸው፤ እኔም እግሬን ደፉ ላይ አድርጌ፣ ብረቱን ይዤ፣ እማማ ደብሪቱን በጀርባዬ ከለልኩ።

በሩ አልተዘጋም። «እባክዎ ይግቡ» አለ ድምፁ። እህትየዋ ውስጥ፣ እማማ ደብሪቱ ውጭ፣ መሃል ላይ እኔ። ቆየ። ብዙ ቆየ። ሊሳሳሙ፣ ሊላቀሱ፣ አዲስ ወሬ ሊጀምሩ የሚያስችል ጊዜ ነበር። ሁለቱም እኔን ፈርተው ዝም ብለው ተያዩ። በመጨረሻ ወደ ኋላ ብዬ ባቡሩን ሰደብኩት፣ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ደብሪቱ አያናግሩኝም። ስገላግላቸው ዝም ብለው ይገባሉ። እኔም ሥራዬን ነው የሠራሁት።

ሐሙስ ዕለት መብራቱ ቀይ ሆነ።

ስንቅነሽ ያን ማታ ልብሳችንን ማጠፍ ጀመረች። ሁለት ቦታ ነው ያጠፈችው፤ የሷን ለብቻ፣ የኔን ለብቻ። «ተይው፣ አንድ ነገር አደርጋለሁ» አልኳት። ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር። እግሬ ብቻ ያውቅ ይመስል ይራገጥ ነበር።

ጋሽ ላቀው ለመስመሩ ባለቤቶች ደውለው፣ ለምነው፣ የድሮ ውለታ ጠርተው፣ አንዲት ባለሙያ አስላኩ። አርብ ጠዋት መጣች። ሶስና ትባላለች፤ ማስቲካ የምታኝክ፣ ስታዳምጥም ሰውን የማታይ ቀጭን ልጅ ናት። ታብሌቷን ይዛ ግድግዳ ተደገፈች።

«እንደወትሮው ሁኑ» አለች።

እኔ ከወትሮው በላይ ሆንኩ። በዚያ ጠዋት እንደሠራሁት ሠርቼ አላውቅም። ሰውን እንደ ቅጠል አስገባሁት። ቄሱን በመስቀላቸው መራኋቸው። ሁለት የተቃቀፉ ወንድማማቾችን ሳያውቁት ለየሁ። ጋሽ ላቀው፣ እማማ ደብሪቱና ስንቅነሽ ብቻ ውጤቱን ለመስማት ቀሩ። ሌላው ሁሉ ገባ። በሩ እንደተለመደው ተከፍቶ ቀረ። «እባክዎ ይግቡ።» ለሶስና ላሳያት ብዬ የመጨረሻውን፣ ምርጡን ስድቤን አወጣሁ፤ እዚህ ልጽፈው አልችልም። ባቡሩ ዘግቶ ሄደ።

«አየሽ?» አልኳት። «እኔ ባልኖር እስካሁን ቆሞ ነበር።»

ሶስና ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። «ይህች ልጅ ምንድን ናት?» ብላ ጋሽ ላቀውን ጠየቀች።

«ገላጋያችን ናት።»

«ባቡሩ የሚጠብቀው እሷን ነው።»

ታብሌቷን አዞረችልን። መሳፈሪያችን ይታያል፣ እኛም እንታያለን። ባቡሩ ሊሳፈር ነው ብሎ ያሰበውን ሰው በአረንጓዴ ይከብበዋል፤ ሸኚ ነው ያለውን በግራጫ። ሰዎቹ አረንጓዴ ሆነው ይገባሉ፣ ይጠፋሉ። በመጨረሻ አንዲት አረንጓዴ ትቀራለች። እግሯ ደፉ ላይ ነው፤ አንገቷ ወደ ውስጥ ሰግጓል። ወደ ኋላ ስትልና ወገቧን ስትይዝ ግራጫ ትሆናለች። በሩ ይዘጋል።

ስድቤ እዚያ ላይ ድምፅ የለውም። አፌ ብቻ ይከፈታል።

«ያለፉትንም ቀናት አይቻቸዋለሁ» አለች ሶስና። «በመጀመሪያው ሰሞን ትንሽ ጠብቋት ይተዋት ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ብዙ ይጠብቃት ጀመር።»

«ለምን?» አለች ስንቅነሽ።

«በየቀኑ የሚመጣ ሰው፣ በየቀኑ እግሩን የሚያስገባ ሰው፣ አንድ ቀን መግባቱ አይቀርም ብሎ ነዋ። ዛሬ ትገባለች እያለ ነው።»

ጋሽ ላቀው ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኛስ? የኛ መለቃቀቅ?»

«እናንተንማ መጀመሪያ ባቡሩ አላወቃችሁም ነበር፤ ያኔ ነው ቢጫ ያደረጋችሁ። ከዚያ ወዲህ ለምዷችኋል። እሳቸው ‹አፈር ስሆን› ካሉ በኋላ እርስዎ እንደሚገቡ ያውቃል። ያን ጊዜ በሩን ለመዝጋት ይዘጋጃል።»

ጋሽ ላቀው ኪሱ እንደተፈተሸ ሰው ሆኑ። እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«የእህቴም ቀን?» አሉ ቀስ ብለው። «ያ ሁሉ ጊዜ በሩ የቆየው?»

ሶስና ወደ ታብሌቷ አየች፣ ወደኔም አየች። «እርስዎ ግራጫ ነዎት» አለች። «እህትዎም ገብተው አብቅተዋል። የጠበቀው እሷን ነው።»

እማማ ደብሪቱ አላዩኝም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

«ተሳስቷል» አልኩ እኔ። «መሄድ ፈልጌ አላውቅም። ሥራዬ እዚህ ነው። ቆርቆሮ ነው እኮ፣ ምን ያውቃል?»

ሶስና ትከሻዋን ሰበቀች። «እኔ ስለ ልብሽ አላውቅም። ስለ እግርሽ ነው የምነግርሽ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወይ በሩ ላይ አትቁሚ፣ ወይ ተሳፈሪ። መብራቱ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመለሳል።»

ቀጣዩ ባቡር ሲመጣ እንድርቅ አደረጉኝ። መሳፈሪያው መጨረሻ ላይ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ እጄን ጭኔ መሃል ከትቼ። ሰው መጣ። ገላጋይ እንደሌለ ሲያይ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ከዚያ ጀመረ። «ይግቡ» ተባለ፣ «ኧረ እርስዎ» ተባለ፣ «በሞቴ» ተባለ። አንዱ ልጁን ሦስቴ ስሞ አራተኛ ጨመረ። የመጨረሻው ሰው ገባ፣ በሩ ተረከዙን ተከትሎ ተዘጋ። ባቡሩ ሄደ። ያለ ምንም ስድብ ሄደ። ወደ ወንበሩ ዞሮ ያየ የለም፤ ባቡሩም ጭምር።

ሶስና አዲስ ማስቲካ እየፈታች «አለቀ» አለች። በደረጃው ወርዳ ሄደች።

ከዚያ የተቀመጥኩበት አልመቸኝ አለ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። ሌላ ባቡር ድምፁ ተሰማ። ጋሽ ላቀው፣ እማማ ደብሪቱና ስንቅነሽ ለሥራቸው ዘግይተዋል፤ ይህኛው አያመልጣቸውም። በሩ ተከፈተ። ስንቅነሽ ቀድማ ገባች፤ በሩ አጠገብ ቆማ ዞረች። እጇን አልዘረጋችልኝም፣ አልጠራችኝም። የምሳ ቋጠሮዋን ከግራ ትከሻዋ ወደ ቀኝ ብቻ አዛወረች፤ በግራ በኩል ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተለቀቀ።

ወደ በሩ ሄድኩ። እግሬን ደፉ ላይ አደረግኩ። ብረቱን ያዝኩ። እንደ ወትሮው ነው፤ ይህንን እኔ ነኝ የማውቀው። «እባክዎ ይግቡ» አለ ድምፁ፤ ይህን ጊዜ ለማን እንደሚል አወቅሁ።

ዞር አልኩ። «ጋሽ ላቀው፣ እርስዎ ይቅደሙ» አልኩ። በሕይወቴ ተናግሬው የማላውቀው ነገር ከአፌ ወጣ።

«አንቺ ቅደሚ፣ ልጄ።»

«ኧረ እርስዎ። እኔ እኮ ዝም ብዬ ልይ ብዬ ነው። ደግሞ ስለ ጣቢያው አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ክረምት ሲገባ ይህ ደፍ ያዳልጣል፣ ቄሱን ያዙልኝ፣ የባሕር ዛፍ ሰዎችን ማንም እንዳይጋፋብኝ። ይህን ሁሉ ያደረግኩት እኮ ለናንተ ብዬ ነው። መብራቱን ማን ያያል? እኔ ከሄድኩ ይህን ጣቢያ ማን ይጠብቀዋል?»

እማማ ደብሪቱ በጋሽ ላቀው ጎን አልፈው መጡ። ለማንም አልለቀቁም፣ ማንንም ቅደም አላሉም። ክርኔን ያዙ፤ ከእህታቸው ጋር ከለየኋቸው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ስትጠብቂው አይደል እንዴ ልታጠፊው የነበረው?» አሉ። «ግቢና በሩ ይዘጋ።»